«ብላክሜል»ን በጆሮ ማየት

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1929 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኤልስትሪ ስቱዲዮ የሠራውን «ብላክሜል» የተሰኘ ፊልም ስታዩ ባለ ድምፁን ቅጂ ምረጡ። ድምፅ አልባውም አለ፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆዩት።

መክፈቻው ላይ ፖሊሶቹ ሲያወሩ ከንፈራቸው እንጂ ቃላቸው አይመጣም። ቴሌቪዥናችሁን አትውቀሱ! ፊልሙ ድምፅ አልባ ሆኖ ተጀምሮ ነው መሀል ላይ ወደ ድምፅ የዞረው።

ከዚያ ዐይናችሁን የአኒ ኦንድራ ከንፈር ላይ ትከሉ። ተዋናይዋ ያደገችው በቼክ ስለሆነ የእንግሊዝኛ አነጋገሯ ለምትጫወታት የለንደን ልጅ፣ ለአሊስ፣ አልሆነም። ድምፅን በኋላ መለጠፍ ገና አስቸጋሪ ነበርና ሌላዋ ተዋናይት ጆአን ባሪ ከካሜራው እይታ ውጭ ሆና በማይክሮፎን ስትናገር፣ ኦንድራ አፏን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። እኔ እንዲያውም ይህን ያህል መናበባቸው ይገርመኛል።

የቁርሱ ትዕይንት ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጉት። ወሬኛዋ ጎረቤት ስለ ግድያው ስትለፈልፍ ንግግሯ እየደበዘዘ «ቢላዋ» የሚለው ቃል ብቻ ጥርት ብሎ ይቀራል። ዳቦ ልትቆርጥ የተዘጋጀችው አሊስ፣ ሰውየውን በቢላዋ የገደለችው ራሷ ናትና፣ ትደነግጥና ቢላዋው ከእጇ ይፈናጠራል። ትዕይንቱን መልሱና ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፤ የምትሰሙት ክፍሉን ሳይሆን የአሊስን ጆሮ ነው።