በሞተር ከጎንደር ወደ ስሜን፦ ለጸደይ ተጓዥ

ጸደይ ስል ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ነው። ብዙ ሰው ከአደይ አበባው መፀው ጋር ያምታታዋል። ከዚህ ውስጥ ደግሞ እኔ የምመርጠው ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሳምንታት ነው። ሁዳዴ ላይ በባዶ ሆድ ያን ብርድ መጋፈጥ ይከብዳል፣ ሰኔ ሲገባ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ይሆናል።

ሰው ለዚህ ጉዞ ሲዘጋጅ የሚጨነቀው ሞተሩ ዳገቱን ይችለው እንደሆነ ነው። ቀስ እያለም ቢሆን ይችለዋል። ሰው የሚጎዳው ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለውም ሰማይ አይታመንም። ስለዚህ ዕቅድህን ከሁለቱ ጀምር።

መጀመሪያ ግን የመንገዱን ሰላም ጠይቅ። መናኸሪያ ሄደህ ጠዋት ከደባርቅ የገባ ሹፌር አናግር፣ «ዛሬ ይቅርብህ» ካለህ ይቅርብህ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና መታወቂያ ኪስህ ውስጥ ይሁኑ።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ አትበል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ደባርቅ ከ2,800 ታልፋለች፣ መንገዱ የቧሂትን ተራራ የሚሻገርበት ቦታ ደግሞ 4,200 ሜትር ገደማ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የደባርቅ አስፋልት ዝግ ብለህ፣ ዳባት ላይ ሻይ ጠጥተህ ጨርስና ደባርቅ እደር። ሰውነትህ ከፍታውን ይለማመዳል። የስሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያንም እዚያው ጽሕፈት ቤቱ ትከፍላለህ፣ ስለ ስካውቱም (አብሮህ ስለሚሄደው የፓርክ ጠባቂ) ትነጋገራለህ። ቤንዚንህን ሙላ፤ በጄሪካን የሚሸጥ ከሆነ በጨርቅ አጥልለህ ቅዳ።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነስ። በዚህ ወቅት ጠዋቱ ጥርት ያለ ነው፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ግን ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ይመጣና ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። አንድ ሚያዝያ ከቧሂት በፊት ባለው የጨነቅ ካምፕ ጭላዳዎቹን እያየሁ ቆየሁና ቧሂት የደረስኩት 9 ሰዓት ላይ ነበር። በረዶው ያዘኝ። በስስ ጓንት ነበርኩ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) መጨበጥ አቃተኝ፣ ሞተሩን አቁሜ እስኪያልፍ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ። ከዚያ ወዲህ ደንብ አለኝ፦ 5 ሰዓት ላይ ቧሂት ካልደረስኩ ካለሁበት እመለሳለሁ። አንተም እንደዚያ አድርግ። እዚያ ላይ ከጎንደር ከ10 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ጓንትና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ግድ ነው። ጋቢውን ለማደሪያ ያዘው እንጂ ለብሰህ አትንዳ፣ ጎማ ውስጥ ይገባል። በሶም ያዝ።

ቧሂት ላይ አየሩ ከጎንደሩ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር አየር ያንሰውና ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ይጠቁራል። ትርፍ ካንዴላና መፍቻውን ያዝ። የአየር ማጣሪያውን ከጉዞው በፊት አጽዳ፣ ግን አውጥተህ አትንዳ፤ አቧራው ሞተሩን ይበላዋል። ራስህን ቢያምህና ቢያቅለሸልሽህ ደግሞ ወዲያው ወደ ታች ውረድ፣ እስኪሻልህ ላይ ሆነህ አትጠብቅ።

ትርፍ ቀን ካለህ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ ውረድ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያሠራው መንገድ ነው፣ ጥምዙ አያልቅም፣ ውበቱም እንደዚያው። እዚህ ያለው ሕግ አንድ ነው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። አንደኛና ሁለተኛ ላይ አድርገህ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ፣ ፍሬኑን ደግሞ ጫን ለቀቅ። ሳትለቅ ከያዝከው ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቁም፣ ውሃ አታፍስበት፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። ጥምዝ ከመግባትህ በፊት ጡሩምባ ንፋ፤ አይሱዙ መሐል መንገድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለሚወጣው ቅድሚያ ስጥ፣ አንተ መቆም ይቀልሃል። መጀመሪያው ዝናብ የወረደበት ሰዓት በተለይ አደገኛ ነው፣ የወራት አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ሲቀላቀል መንገዱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ግማሽ ሰዓት ቁም፣ ይታጠብ።