ከማዕድ ያላለፈ ጾም፦ በዐቢይ ጾም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዘወረደ፣ ከጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ባሉት 55 ቀናት በየአድባራቱ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ የቅዱስ ያሬድ ዜማ አለ፦ «ንጹም ጾመ፣ ወናፍቅር ቢጸነ፣ ወንትፋቀር በበይናቲነ»፤ ጾምን እንጹም፣ ባልንጀራችንን እንውደድ፣ እርስ በርሳችንም እንፋቀር ማለት ነው። ጾሙና ፍቅሩ በአንድ ትንፋሽ የተዜሙ ሆነው ሳለ፣ ብዙዎቻችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት አጥብቀን ይዘን የቀሩትን ለመዘምራኑ እንተዋለን። ጾም ከሥርዓቶቻችን ሁሉ ይልቅ ለሰው ዓይን የተጋለጠ ነው፤ የምንበላው፣ የማንበላው፣ የምንበላበት ሰዓት፣ የምንለብሰው ነጠላ ሁሉ ይታያል። እምነት ወደ ታይታ የሚንሸራተተውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በር ነው። ቀጥዬ የማነሣቸው ስህተቶች በሌሎች ላይ ብቻ ያየኋቸው አይደሉም፤ አንዳንዶቹን እኔው ራሴ ለዓመታት ስሠራቸው ኖሬያለሁ።

ጾምን የምግብ ለውጥ ብቻ ማድረግ

የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም ሰው በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከሉን ብቻ ተናግሮ አያበቃም፤ በደሉ እንዲሰረይለት፣ ዋጋውም እንዲበዛለት፣ የፈቲው (የምኞት) ኃይልም ደክሞ ሥጋ ለነባቢት (ለአስተዋይ) ነፍስ እንድትታዘዝ መሆኑን ይጨምራል። መከልከሉ መንገድ ነው፣ መታዘዙ መድረሻ። ዛሬ በየካፌው የጾም ማኪያቶ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር ሞልቷል፤ እነዚህን መብላት በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። ነገር ግን ምላሳችን አንዳች ሳይጎድልበት፣ ወጪያችንም ከፍስኩ ወራት በልጦ 55ቱን ቀናት ከጨረስን፣ የተለወጠው ምናሌው እንጂ እኛ አይደለንም። ከጾሙ የተረፈው ገንዘብ ለድሃ እንዲደርስ አባቶች ያስተማሩትም የሚተርፍ ነገር ሲኖር ብቻ የሚፈጸም ነው።

የጾማችንን ሸክም በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ መጫን

ከሁሉ በላይ ልናገርበት የምፈልገው ይህንን ነው፤ ከሁሉ ያነሰ የሚነገረውም ይኸው ስህተት ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዓርብ ከቅዳሴ ወደ ቤቴ የገባሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ነጠላዬን ሳላወልቅ ወደ ማድ ቤት ጎራ ስል፣ የቤት ሠራተኛዬ ሽሮውን የምታማስልበት ማንኪያ ለልጆቹ የፍስክ ምግብ የምንጠቀምበት መሆኑን አየሁ። ጮኽኩባት። ድምፄ እስከ ጎረቤት ተሰምቷል። ልጅቱ ማንኪያውን ከድስቱ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛ «እትዬ፣ በአመድና በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ» አለችኝ፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽሮው ተደፋ፣ ሌላ ተሠራ፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ እንጀራ የጋገረችው ልጅ እኔ በልቼ እስክነሣ ድረስ እህል አልቀመሰችም። እሷም ጾመኛ እንደ ነበረች ትዝ ያለኝ ማታ ነው። ከዚያም የባሰ ነገር ነበረ፤ የሦስት ወር ደመወዟ «እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» በሚል ሰበብ በእጄ ነበር፤ በዚያው ሳምንት እናቷ ታማባት ጥቂት ብር ስትጠይቀኝ፣ ገንዘቡን ለፋሲካ ወጪ አስቤው ስለ ነበር «ከበዓል በኋላ» ብያታለሁ።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ ሕዝቡ «ጾምን፣ አንተም አልተመለከትኸንም» ብለው ሲያማርሩ እግዚአብሔር የሰጣቸውን መልስ ጽፎልናል። ያ መልስ ጾመኛው ምን ይብላ ምን አይብላ የሚለውን አያነሣም፤ በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ትፈጽማላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ታስጨንቃላችሁ ይላል። ያንን ምዕራፍ በጾም ወራት ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቼው ነበር! «ሠራተኞቻችሁ» የሚለው ቃል በእኔ ማድ ቤት ውስጥ ስላለች አንዲት የገጠር ልጅ የተነገረ መሆኑን ግን ልብ አላልኩም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የድሃ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈለው ያዛል፤ ምክንያቱንም ሲናገር ነፍሱ በእርሱ ተስፋ ታደርጋለችና፣ በአንተ ላይ ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽ ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። እኔ በመቅደስ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስል ከቤቴም ሌላ ጩኸት ወደዚያው ወደ እርሱ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ ጾመኛ የሆነ ሰው ሁሉ፣ በተለይም ቤቱ ውስጥ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ፣ ጾሙን የሚከፍልለት ማን እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። የሁለት ዓይነት ምግብ ሥራ፣ የሌሊት መነሣት፣ በረኃብ የተነሣ የምናወርደው ቁጣ፣ በሱባኤ ስም ለሌሎች የምንተወው ሥራ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚያርፉ ናቸው። ሠራተኛዋ ቅዳሴ የምትሄድበት ቀን አላትን? የሚል ጥያቄም አለ፤ ብዙ ቤት ውስጥ መልሱ ያሳፍራል።

የቅመሙን አሥራት ከፍሎ ሚዛኑን ማጭበርበር

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ሲገሥጽ ከእንስላልና ከከሙን ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን መተዋቸውን ነግሯቸዋል። የጠቀሳቸው ነገሮች የማድ ቤት ቅመሞች ናቸው። እኛም ዘንድ ጾም በገባ ቁጥር ሥጋና ቅቤ ከአፉ የማይገባ፣ በርበሬውን ግን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ ለገበያ የሚያወጣ ነጋዴ አለ፤ ዓርብ ረቡዕ የማይገድፍ፣ ባለጉዳይን ግን «ነገ ተመለስ» እያለ እጅ መንሻ የሚጠብቅ የቢሮ ሠራተኛ አለ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሆን ብለው ያስመስላሉ ለማለት አልደፍርም። ብዙዎቹ ጾማቸውን የምር ይጾማሉ፤ ችግሩ ጾሙና ሚዛኑ በሕሊናቸው ውስጥ ተገናኝተው አለማወቃቸው ነው።

ይህ መለያየት ጎልቶ የሚታየው በንስሐ ጊዜ ነው። ወደ ነፍስ አባታችን ቀርበን «አባ፣ ዓርብ ቀን ሳላውቅ ቅቤ የገባበት ቀመስኩ» ብለን ቀኖና እንጠይቃለን፤ በሐሰት ስለመሰከርንበት ጉዳይ፣ ስላስቀረነው የውርስ ድርሻ፣ ስለ ጎደለው ኪሎ ግን አፋችን አይከፈትም። ዘኬዎስ ክርስቶስን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የተናገረው ስለ ሂሳብ ነበር፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ። ንስሐ ስንገባ የሂሳብ መዝገባችንንም ይዘን መግባት አለብን።

ቂም ይዞ መጾም

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ብሂል የማያውቅ የለም። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ብሎ ሲያውጅ፣ ምእመናን እጅ ለእጅ ይነሣሣሉ፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። በምሳለምበት ደብር የአባታቸውን ቤት ለመካፈል ዓመታት በፍርድ ቤት የተካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች አውቃለሁ፤ ሁለቱም ጾመኞች፣ ሁለቱም አስቀዳሾች ናቸው። ይህ አዋጅ በታወጀ ቁጥር ለማያውቁት ሰው ሁሉ በትሕትና እጅ ይነሣሉ፤ በመካከላቸው ግን ሁለት ምሰሶ የሚያህል ርቀት ጠብቀው ይቆማሉ። መጽሐፉ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወው፣ አስቀድመህ ሄደህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል እንጂ፣ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አስብበት አይልም።

ዮሐንስ አፈወርቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ387 ገደማ፣ በአንጾኪያ ሕዝቡ በግብር ተቆጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ሐውልቶች አፍርሶ ከተማዋ ቅጣቷን በፍርሃት ስትጠብቅ፣ በዚያው የጾም ወራት ባስተማረው ትምህርት ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅና እግርም አብረው እንዲጾሙ መክሯል። ከወፍና ከዓሣ ተከልክለን ወንድሞቻችንን ከነከስንና ከበላን ምን ጥቅም አለው ሲልም ጠይቋል። እዚህ ላይ ሐሜትን መጨመር ይገባል፤ በጾም ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በመንገድ ላይ የምንጨርሰው የሰው ሥጋ ብዙ ነውና።

የሌላውን ሰሃን መቆጣጠር

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም ነበር። እኛም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕን የሞት ምክር የተመከረበት፣ ዓርብን ጌታ የተሰቀለበት ነው ብለን እንጾማለን። ፈሪሳዊውን ያስኮነነው ጾሙ አልነበረም፤ ጾሙን ከቀራጩ ጋር መመዘኛ ማድረጉ ነው። የስኳር ሕመም ያለባትን እናት፣ ነፍሰ ጡሯን ወይም መድኃኒት የጀመረውን ሰው «አትጾምም እንዴ?» እያሉ በሰው ፊት ማሳፈር በየግቢው የተለመደ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ለሕመምተኛና ለደካማ እንደ ዐቅሙ የምታዝንበት ሥርዓት አላት፤ ጉዳዩም በግለሰቡና በነፍስ አባቱ መካከል የሚያልቅ ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው በየዓመቱ የሚያገረሽ ክርክርም ለሊቃውንቱ ቢተው ይሻላል፤ በክርክሩ ወንድሙን የሰደበ ሰው በዚያ ቀን ዓሣውን ባይበላ ምን ተጠቀመ?

ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ ወላጅን መርሳት

ማርቆስ በምዕራፍ 7 የጻፈው የ«ቁርባን» ነገር በጣም የሚያስደነግጥ ነው። ሰዎች ለአባትና ለእናታቸው ሊረዱበት የሚገባውን ገንዘብ «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» በማለት ከመጦር ነፃ ይሆኑ ነበር፤ ጌታም የእግዚአብሔርን ቃል በወጋችሁ ሻራችሁ አላቸው። ለሕንጻ ማሠሪያ የሰጡ ሰዎች ስም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ፣ እልልታውን ሲቀበሉ የምናያቸው አንዳንድ ሰዎች በገጠር ያለች እናታቸው የመድኃኒት መግዣ እንዳጣች ዘመዶቻቸው ያውቃሉ። ሕንጻው ይሠራ፤ ይህን የምለው ስጦታን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሎ ከታዘዘ፣ ስም እየጠራን ማስጨብጨባችንን የሰበካ ጉባኤያትም ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ሰጪውን ለውዳሴ ከንቱ የምናጋልጠው እኛው ነንና።

«እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ብሎ ሥርዓቱን መጣል

እስካሁን ያልሁትን አንብቦ «እንግዲያውስ ጾም ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ፣ እርሱም በሌላ በኩል ስቷል። እግዚአብሔር ልብን እንደሚያይ ለሳሙኤል የተነገረው እውነት ነው፤ ይህ ቃል ግን ለስንፍና መከለያ እንዲሆን አልተሰጠም። ጌታ ስለ ቅመሙ አሥራት ሲናገር ይህን ልታደርጉ፣ ያንንም ሳትተዉ ይገባችሁ ነበር አለ፤ እርሱ ራሱም 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሟል። የተራበ ሆድ የራሱን ቁጣ፣ ስስትና ችኮላ ገልጦ ያሳያል፤ እኔም በዚያ ዓርብ ባልጾም ኖሮ ውስጤ ያለውን ጭካኔ እንዲያ ጥርት አድርጌ አላየውም ነበር። በዚያ ላይ የማይጾመው ሰው ጾመኛውን ሁሉ በጅምላ «ግብዝ» ብሎ ሲጠራ፣ የፈሪሳዊውን ጸሎት በሌላ ቃል እየደገመ መሆኑን ልብ አይልም።

ከዚያ ዓርብ በኋላ በመጣው ሰኞ ለሠራተኛዬ የሦስቱን ወር ደመወዝ ቆጥሬ ሰጠኋት፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። ይቅርታው ከገንዘቡ ይልቅ ከበደኝ፤ እሷም ምን እንደምትል ጠፍቷት መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤታችን በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቅዳሴ ትሄዳለች፣ ሽሮውን የማማስለው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ በሩ ሲንኳኳ ከፍቼላት፣ ከአንድ ትሪ አብረን እንቀርባለን።