የአገልግሎት ዕቅድ ስናወጣ በአጠያየቃችን የምንሠራቸው ስህተቶች

የዓመቱን የአገልግሎት ዕቅድ ለማውጣት ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ከአገልግሎት ክፍል መሪዎች ጋር በተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች እንዳየሁት፣ ዕቅዱን ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ገና በመክፈቻው የሚቀርበው ጥያቄ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት መልሱ አስቀድሞ ያለቀለትን ጥያቄ ለጉባኤ ማቅረብ ነው። «ዘንድሮ ትልቅ የወንጌል ጉባኤ ማዘጋጀት የለብንም ትላላችሁ?» ሲባል የትኛው አገልጋይ ተነሥቶ «አዎን፣ የለብንም» ይላል? ሁሉም ዝም ይላል፤ ዝምታውም በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ተብሎ ይሰፍራል። አንዲት አጥቢያ ውድ የድምፅ መሣሪያ ለመግዛት የወሰነችው በዚህ መንገድ ነበር። በዚያው ዓመት የሕፃናት አስተማሪዎች ጣራው በሚያፈስ ክፍል ሲያስተምሩ ከርመው አንድ በአንድ አገልግሎቱን ተዉ፤ «ምን ያስፈልጋችኋል?» ያላቸው ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ፤ ጌታችን በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምን የነበረውን በርጤሜዎስን፣ ዕውርነቱ ለሁሉም እየታየ፣ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠይቆታልና። እርሱ በዓይን የሚታየውን ችግር እንኳ ባለቤቱ በራሱ አፍ እንዲናገረው ዕድል ሲሰጥ፣ እኛ ያላየነውን ችግር ሳንጠይቅ እናቅዳለን።

ሽማግሌዎችን ብቻ ጠይቆ ማቀድም አይበቃም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ሰዎች የተመረጡት በየዕለቱ ምግብ ሲታደል ስለተዘነጉት መበለቶች የተነሣው ቅሬታ ጆሮ ስላገኘና ሐዋርያቱ ደቀ መዛሙርቱን ሁሉ ጠርተው ስላማከሩ ነው።

«ለምን» የሚለው ቃል በኃላፊ አፍ በቀላሉ ክስ ይሆናል። የሙሴ አማት ዮቶር ሙሴን «ለምን ብቻህን ትቀመጣለህ?» ብሎ የጠየቀው ሕዝቡን ሲዳኝ በዓይኑ ካየ በኋላ ነበር፤ ጠይቆም አልተወውም፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። የክፍሉን አገልግሎት አንድ ቀን እንኳ ሳይጎበኙ «ለምን ደከማችሁ?» የሚሉ መሪዎች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

ስለሚበዛ ሳልናገር የማላልፈው ሌላው ስህተት፣ ከባድ ጥያቄ ሲነሣ «እንጸልይበት» ብሎ መዝጋት ነው። ጸሎት የዕቅዳችን መሠረት ነው፤ ነገር ግን የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ ስለ ኢየሩሳሌም ጠየቀ፣ የሰማው ሲያሳዝነው ጾመ፣ ጸለየ፤ ንጉሡ የጉዞውን ጊዜ ሲጠይቀው ቀጠሮ ቆርጦ ነገረው፤ እንጨት የሚያገኝበትን ደብዳቤ ለመነ፤ ከደረሰም በኋላ የፈረሰውን የከተማዋን ቅጥር በሌሊት ዞሮ መረመረ። መጸለዩ ከመጠየቅም ከመመርመርም አላስቀረውም።

«ስንት ሰው መጣ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ማን መምጣት እንዳቆመና ማን እንደጎበኘውም ጠይቁ።

በመጨረሻም የጠየቃችሁትን ይዛችሁ አትጥፉ። በሚቀጥለው ስብሰባ የቀደመው መልስ ተነብቦ የተደረገውና ያልተደረገው ከነምክንያቱ ይገለጽ። ይህ ካልሆነ፣ በመስከረም ችግሩን በዝርዝር ጽፎ የሰጠ የአገልግሎት ክፍል በዓመቱ ስትጠይቁት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደኅና ነው» ብቻ ይላችኋል።