ጥለቱን አይተሽ ጌጡን ምረጪ

የሐበሻ ቀሚስ ልትለብሺ ስትይ መጀመሪያ የጌጥ ሣጥንሽን አትክፈቺ። ጥለቱን እዪ። ጥለቱ ራሱ ጌጥ ነው፤ ሸማኔው ቀናት ተቀምጦ ቀለም ከቀለም ያስማማበት ሥራ ነው። እሱ ላይ ሀብል፣ ድሪ፣ ትልቅ ጉትቻና ሁለት አምባር ሲደረብበት ዓይን የቱ ጋ እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል። ቀሚሱም ጌጡም ይባክናል።

ቀሚሱን መስኮት ጋ ወስደሽ በቀን ብርሃን እዪው። ማታ በአምፖል የታየ ክር ያታልላል፣ ብርማው ወርቃማ ይመስላል። ክሩ ወርቃማ፣ ቢጫ፣ ቡናማ ወይም ቀይ ከሆነ ወርቅ አድርጊበት። ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ከሆነ የሚያምርበት ብር ነው። አረንጓዴ ሁለቱንም ይችላል፣ ግን አንዱን ምረጪ። ነጭ በነጭ የተጠለፈ ቀሚስ ካለሽ ደግሞ ታድለሻል፤ ያረጀ ብር እንደዚያ የሚያምርበት ልብስ አላውቅም።

ቀጥሎ አንገቱን። ጥልፉ ከአንገት እስከ ደረት በመስቀል ቅርጽ ከወረደ ሀብል አያስፈልግሽም፣ ቦታው ተይዟል። ማተብሽ ይበቃል። ያኔ ጉትቻሽ ላይ አተኩሪ፤ በተለይ ሹሩባ ከተሠራሽ ጆሮሽ ስለሚገለጥ ተለቅ ያለው ያምርብሻል። ደረቱ ባዶ ሆኖ ጥለቱ ከታች ብቻ ከሆነ ግን የአንገት መስቀል ወይም ድሪ አድርጊና ጉትቻውን አሳንሺ።

ነጠላ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ነው። አንድ የጥምቀት ቀን የእናቴን ነጠላ ለብሼ፣ እጄ ላይ አዲስ አምባር አድርጌ ወጣሁ። ነጠላው ከትከሻዬ ሲንሸራተት መልሼ ለመጣል እጄን ሳነሳ የአምባሩ ጠርዝ አንዷን ክር ይዞ ሳባት። ከጥለቱ በላይ አንድ ስንዝር የሚያህል ጭረት ቀረ። በመርፌ ጫፍ እያባበልኩ ብመልሰውም ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጌጥ ከመግዛቴ በፊት ስስ ሻሽ ላይ ቀስ አድርጌ እጎትተዋለሁ። ትንሽ እንኳ ከያዘ ከነጠላ ጋር አይሄድም፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

ወደ ወቅቱ እንምጣ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ለጌጥም ከጥምቀት የበለጠ ቀን የለም። ግን ቀኑን አስቢው፤ ጥር 11 ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ታቦቱን አጅቦ መሄድ፣ ግፊያ፣ ጭፈራ፣ ላብ አለ። ቅብ ጌጥ ይህን ቀን አይችልም። ቅቡ ሲለቅ ከሥር ያለው መዳብ ከላብ ጋር ተገናኝቶ አንገትሽን አረንጓዴ ያደርገዋል። ጆሮሽ የሚያሳክክሽ ከሆነም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ርካሽ ጉትቻ ውስጥ ያለው ኒኬል ነው። ስለዚህ ለጥምቀት አንድ እውነተኛ ብር ከአምስት ቅብ ይሻላል። አዲስ ከሆነ 925 የሚል ማኅተም ፈልጊበት፣ ከመቶ 92.5 እጁ ብር ነው ማለት ነው።

የአያትሽ መስቀል ወይም አምባር ካለ ግን ከሁሉም እሱ ይበልጣል። አንጥረኞች ድሮ ጌጥ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር አቅልጠው ነበር፤ 1780 የሚል ዓመት ያለበት ሳንቲም ነው፣ ከመቶ 83 ገደማ ብር አለው። እባክሽ እንደ መስታወት እስኪያበራ አትፈትጊው። ቅርጹ ውስጥ የተኛው ጥቁረት ነው ሥራውን የሚያሳየው። በለብታ ውሃና ሳሙና አጥበሽ በለስላሳ ጥጥ ማድረቅ ይበቃል። እጅሽ ላይ እንሶስላ ካለ ደግሞ ቀለበትሽን ብር አድርጊው፤ የእንሶስላው ቅላት አጠገብ ብር ሲያርፍ አይተሽ አትጠግቢም።

መስከረም ሌላ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሁሉም ቢጫ ስለሆነ ቀጭን ወርቅ ይበቃል፣ አደይ አበባው ይሠራልሻል። ግን እንደኛ አቆጣጠር ክረምቱ የሚወጣው መስከረም 25 ነውና ጭቃው ገና አለ፤ አልቦሽን ለሌላ ቀን አቆዪው። የደመራ ምሽት ይበርዳል። ቀሚሱ ላይ ሹራብ መደረቡ ስለማይቀር አንገትሽ ላይ ምንም አታድርጊ፣ ጉትቻ ብቻ።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ጃኬት፣ ሻርፕና ቡትስ ነው። ሻርፕ ውስጥ የተቀበረ ሀብል ማንም አያየውም። ቀለበትና ሰዓት አድርጊ። የሚገርመው፣ በክረምት ከሩቅ የሚታየው ጌጥሽ ጃንጥላሽ ነው፤ ሰው ስለ ቦርሳው ቀለም ተጨንቆ ሲያበቃ ያገኘውን ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። ልብስሽ ጥቁርና ግራጫ ከሆነ ጃንጥላሽን ደማቅ ቀይ ወይም ሰናፍጭ ቀለም አድርጊው፣ ከዚያ በላይ ምንም ባትጨምሪ ሽክ ብለሻል። ብርሽንም እርጥበት ስለሚያጠቁረው ደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪ። ሽቶ ከጌጥ በፊት እንጂ ከጌጥ በኋላ አይነፋም።

ዋሽንግተን ወይም አውሮፓ ያላችሁ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ገናና ጥምቀት የሚውሉት በጃንዋሪ፣ ክፉ ብርድ ላይ ነው። ካፖርት የግድ ነው። ጌጣችሁን ካፖርቱ ከወለቀ በኋላ በሚታየው ልክ ምረጡ። የሚንጠለጠል ጉትቻ የሱፍ ሻርፕ ውስጥ ተጠምዶ ይጠፋልና ቤት ይቅር፤ ጆሮ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ስለምታወልቁ ደግሞ አልቦ እዚያ ቦታ አላት። ነጠላችሁ ራሳችሁን ስለሚሸፍን ትልቅ ጉትቻ ያኔ አይታይም፣ ክሩን ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም።

ሁዳዴ ሲገባ እኔ ከማተብ በቀር ሁሉንም አወልቃለሁ። 55 ቀን ነው፣ ጌጥን ለማደስ ጥሩ ጊዜ ነው። የላላ የሀብል መቆለፊያ፣ የተጣመመ የጉትቻ መንጠቆ፣ ክሩ የሳሳ ድሪ ካለሽ ሰብስበሽ አንጥረኛ ጋ ውሰጂ። ግን በጾሙ መጀመሪያ ውሰጂው፤ ፋሲካ ሲቃረብ ሥራ ይበዛበትና በችኮላ ይበይድልሻል።