የጨቅላ ልጅን አንጎል ከተትረፈረፈ ማንጋኒዝ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ማንጋኒዝ ሰውነት በጥቂቱ የሚያስፈልገው ማዕድን ነው። ጤፍና ሻይ ቅጠል በብዛት ይይዙታል፤ ሆኖም ጤናማ ጉበት ትርፉን በሐሞት አማካይነት ስለሚያስወግደው እንጀራን መፍራት አያስፈልግም። የጨቅላ ልጅ ጉበት ግን ይህን ሥራ ገና በቅጡ አይችለውም፤ አንጀቱም ከአዋቂ የበለጠ ማንጋኒዝ ወደ ደም ያሳልፋል።

ትርፉ አንጎል ውስጥ ሲከማች ማይክሮግሊያና አስትሮሳይት የተባሉት ሕዋሳት ብግነት የሚያስነሱ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ ብግነቱ ሲራዘምም በአካባቢው ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳል። ይህን ሂደት በዋናነት ያሳዩት በእንስሳትና በሕዋሳት ላይ የተደረጉ ምርምሮች ናቸው። በልጆች በኩል በባንግላዴሽ አራይሃዛር (2006 እ.ኤ.አ.) እና በካናዳ ኬቤክ (2011 እ.ኤ.አ.) የታተሙ ጥናቶች ማንጋኒዝ የበዛበት ውሃ የሚጠጡ ልጆች በአእምሮ ብስለት ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት እንዳገኙ አመልክተዋል።

ጥንቃቄው ከውሃው ይጀምራል። በቆቦ ሜዳም ሆነ በኮምቦልቻ ዙሪያ ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ውሃ ያደረበትን ጀሪካን ክዳን ከፍታችሁ የአፉን ውስጠኛ ጠርዝ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ቅባት መሰል ነገር ከቀረ፣ ወይም ነጭ ነጠላ ከታጠበ በኋላ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካሳየ፣ ማንጋኒዝን መጠርጠር ተገቢ ነው። ምልክቱ አለመታየቱ ግን ዋስትና አይሆንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በጡጦ የሚመገቡ ሕፃናትን መነሻ አድርጎ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ወሰን በሊትር 0.08 ሚሊግራም ሲሆን፣ ልብስን የሚያበላሸው ነጠብጣብ ጎልቶ የሚታየው መጠኑ ከ0.1 ሚሊግራም ሲያልፍ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃ ማስመርመር ነው። ፓምፑን ለጥቂት ደቂቃ ካፈሰሳችሁ በኋላ በንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቅዱ፤ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት የት እንደሚመረመር ጠይቁ፤ የምትፈልጉትም የጠቅላላ ማንጋኒዝ መጠን መሆኑን በግልጽ ንገሯቸው።

ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ውሃን ማፍላት ማንጋኒዝን እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን እንደሚያከማቸው ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ አጋርም ጀርም ይገድላል እንጂ ማዕድኑን አያስወግድም። ይህን ብዬ ግን ማንም ማፍላቱንና ማከሙን እንዳይተው አጥብቄ እለምናለሁ፤ ተቅማጥ ሕፃንን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መፍትሔው ለሕፃኑ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነው፤ ከጎለበተ ምንጭ ወይም ከንጹሕ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ፣ እሱም ታክሞ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የእናት ጡት ነው፤ የጡት ወተት እጅግ ጥቂት ማንጋኒዝ ስለሚይዝ፣ እናት ለ6 ወር ጡት ብቻ ማጥባት ከቻለች ይህ ሥጋት ከሞላ ጎደል ይወገዳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የደም ማነስ ነው። ብረትና ማንጋኒዝ በአንጀት ውስጥ በአንድ ማሳለፊያ ስለሚሻሙ፣ ብረት ያነሰው ልጅ ማንጋኒዝን አብዝቶ ይወስዳል፤ ስለዚህ ልጁ ከገረጣ ወይም ከተዳከመ ጤና ጣቢያ ወስዶ የብረት ሁኔታውን ማስመርመር አንጎሉንም መጠበቅ ነው።

በትንፋሽ የሚገባው ማንጋኒዝ ደግሞ ጉበትን ስለሚያልፍ ከምግቡ ይከፋል። በደሴና በኮምቦልቻ መኖሪያ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ብየዳ ካለ፣ ማንጋኒዝ ያለበት ጭሱ ወደማይደርስበት ቦታ ሕፃኑን ማራቅ፣ የሥራ ልብስንም ቤት ሳይገቡ ቀይሮ ለብቻ ማጠብ ይገባል። አፍን በሻሽ መሸፈን ጭሱን አያግደውም፤ ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው። ባለሙያው በተከፈተ ቦታ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊቱ በሚወስድበት አቅጣጫ ሆኖ ቢሠራ ይሻላል።

የባትሪ ድንጋይም አለ። ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የያዘ ነው፤ በገጠር ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሰሌዳ ለመቀባት ሲሰበር የሚቦነውን ልጆች እንዲተነፍሱት መተው የለበትም። ሰሌዳው በሌላ ቀለም ይቀባ፤ ያለቀውም ድንጋይ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ እንጂ እሳት ውስጥ አይጣል።

የምርመራው ውጤት ከወሰኑ በላይ ሆኖ ከተገኘ ለቀበሌው የውሃ ኮሚቴ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ከዚያው ጉድጓድ ቀድተው ጡጦ የሚያዘጋጁ ጎረቤቶችም በዚያው ዕለት ይነገራቸው።