እርሳሱ ካልወደቀ አትወርውሩት፦ ካርፕ አጥማጆች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው ሐምሌ ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ኩሬ ዳር ስዞር ሸምበቆው መሀል ውኃው ሲናጥ አየሁ። ጠጋ ስል ስምንት ኪሎ የሚሆን ካርፕ የሚባለው ዓሣ ነው። ከንፈሩ ላይ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ርቆ 85 ግራም እርሳስ (ክሩን የሚያሰምጠው ክብደት)፣ ከእርሳሱ ወዲያ ደግሞ አንድ ሰው በጥሶ የተወው ረጅም ክር። እርሳሱ ሸምበቆው ሥር ተሰንቅሮ ዓሣው ካስማ ላይ እንደታሰረ ወይፈን እዚያው ይዞራል። እስከ ወገቤ ገብቼ ክሩን ቆረጥኩለት። ጎኑ ላይ ቅርፊቱ ተገሽልጦ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ጥልቁ ሄደ።

እዚህ አገር ካርፕ የሚጠመደው ሊበላ አይደለም። ይመዘናል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል ትልልቆቹ ስም ይወጣላቸዋል፤ ዛሬ እኔ የያዝኩትን የዛሬ ዓመት ሌላው ይይዘዋል። ስለዚህ ስህተት ለእኔ ሁለት ዓይነት ነው። ዓሣ የሚያሳጣችሁ ስህተት ያስቀኛል፤ እኔም ያልሠራሁት የለም። ዓሣውን የሚገድለው ግን ደሜን ያፈላዋል።

የማይወድቅ እርሳስ

በዚህ አጠማመድ መንጠቆውን የሚሰካው እጃችሁ አይደለም፣ እርሳሱ ነው። ካርፑ ማባበያውን አፉ አስገብቶ ሲነሣ ክብደቱ ድንገት ይይዘዋል፤ ደንግጦ ሲሮጥ መንጠቆው ከንፈሩ ውስጥ ይገባል። እናንተ ተኝታችሁም ቢሆን ክሩ ሲጎተት የሚያስጠነቅቀው አላርም ይጮኻል። ግሩም ዘዴ ነው፣ ክሩ እስኪበጠስ ድረስ። ከተበጠሰ በኋላ እርሳሱ ከዓሣው ጋር ይቀራል። ለዚህ ሲባል ሊድ ክሊፕ የምትባል ትንሽ ፕላስቲክ አለች። እርሳሱ ክንዷ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከላይ የጎማ ቆብ ይይዘዋል። እርሳሱ ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው ቆቡ ይንሸራተትና እርሳሱ ይወድቃል፤ ዓሣው ይገላገላል።

ጀማሪው ታዲያ ምን ያደርጋል? ቆቡን ባለ በሌለ ኃይሉ ገፍቶ ያጠብቀዋል። ለምን ስትሉት «ስወረውር እርሳሱ እየጠፋብኝ» ይላል። ይጥፋ! የአንድ እርሳስ ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። በሙጫ ያጣበቀ አይቻለሁ። በክር የጠፈረም አይቻለሁ፤ በሥራው ተኩራርቶ ሲያሳየኝ ምን እንደምል ጠፋኝ። ፍተሻው እኮ እዚያው ዳር ላይ ይደረጋል፤ በአንድ እጅ የመንጠቆውን ክር፣ በሌላው እርሳሱን ይዛችሁ ሳብ ማድረግ ነው። በመጠነኛ ጉልበት ካልወደቀ አትወርውሩት። ውስጡ እርሳስ ያለበት ሊድኮር የሚባለውን መሪ ክር ደግሞ ብዙ ኩሬዎች ከነጭራሹ ይከለክሉታል፤ መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ደንብ አንብቡ። ዋናው ክራችሁ ደግሞ ከ15 ሊብራ በታች የሚሸከም ከሆነ ዛፍና ሥር ያለበት ውኃ ላይ አትቀመጡ።

ጥሬ ሽንብራ

አንድ «ጋሼ» እያለ የሚከተለኝ የአገሬ ልጅ አለ። ቅን ነው፣ ይቸኩላል። ካርፕ ሽንብራ ይወዳል ማለቴን ሰምቶ ከሐበሻ ሱቅ ሁለት ኪሎ ደረቅ ሽንብራ ገዝቶ መጣ፤ እኔ ወንበሬን ስዘረጋ ግማሹን ውኃ ውስጥ በትኖታል። ደረቅ ጥራጥሬ ዓሣው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያብጣል። ሽንብራም በቆሎም 24 ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በጣት ሲጫኑት እስኪላላ ይቀቀላል። ንፍሮ ነው በቃ! እናቱ ጋ ቢደውል ከእኔ የተሻለ ታስረዳው ነበር። እንግሊዞቹ የሄምፕ ፍሬ ንፍሯቸው ላይ ቺሊ የመጨመር ልማድ አላቸው፤ ስለዚህ ሚጥሚጣ ብትነሰንሱበት የሚስቅባችሁ የለም።

መጠኑም ወሰን ይኑረው። በተለይ በክረምቱ ብርድ ካርፕ የሚበላው ጥቂት ነው፤ የበተናችሁትን መልሳችሁ አትለቅሙትም።

ድንኳን መጀመሪያ

ይኸው ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ መኪናውን አቁሞ ካልሲው እስኪረጥብ ዕቃ አመላለሰ፣ ድንኳን ዘረጋ፣ ችንካሩን በመዶሻ ደበደበ። ሁለት ሜትር ርቆ ከዳርቻው ሥር አረፋ ሲወጣ ነበር፤ ካርፕ ጭቃ እየፈተሸ ሲበላ እንደዚያ ያደርጋል። ከሦስተኛው ምት በኋላ አረፋው ቆመ። ዓሣ በመሬቱ የሚመጣውን ንዝረት ከእናንተ ይበልጥ ይሰማል። ዕቃችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ ኩሬውን አንድ ጊዜ ዙሩት። የሚዘል፣ አረፋ የሚያወጣ፣ ሸምበቆ የሚነቀንቅ ፈልጉ። ከደቡብ ምዕራብ ለብ ያለ ነፋስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመታውን ዳርቻ እመርጣለሁ።

እንግሊዛዊው አጥማጅ ሪቻርድ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1952 ሬድማይር ኩሬ ላይ 44 ሊብራ፣ ማለትም 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ካርፕ ሲይዝ መንጠቆው ላይ የነበረው ዳቦ ነው። ዓሣውም ለንደን መካነ አራዊት ገባ። ይህን የምለው የሮድ (የማጥመጃ ዘንግ) ካታሎግ ሸምድዶ ለሚመጣ ነው። ለብዙ ኩሬ 12 ጫማ ርዝመት ያለው፣ 3 ሊብራ ቴስት ከርቭ (ሮዱን ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ክብደት) የሆነ ሮድ ይበቃል። ሦስተኛ ሮድ የምትጥሉ ከሆነ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ተራው ፈቃድ የሚሸፍነው ሁለት ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ያለ ፈቃድ ለተገኘ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ይደርሳል።

መንጠቆውን መደበቅ

ማባበያ መንጠቆ ላይ አይሰካም። እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ሊገባደዱ ሲሉ እንግሊዛውያኑ አጥማጆች ሌኒ ሚድልተንና ኬቨን ማዶክስ ያወጡት ሄር ሪግ ዘዴው ይኸው ነው፤ ስሙ ጸጉር የሆነውም ሲጀምሩ የእውነት የሰው ጸጉር ተጠቅመው ስለነበር ነው። ቦይሊው፣ ማለትም ተቀቅሎ የጠነከረው የሊጥ ኳስ ማባበያ፣ ከመንጠቆው ጎባጣ በታች በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ካርፕ ያገኘውን ሁሉ ስቦ ያስገባል፣ የጠረጠረውን መልሶ ይተፋል፤ ሲተፋ ቦይሊው ይወጣል፣ ራቁቱን ያለው መንጠቆ ይያዛል። መንጠቆውን ቦይሊው ውስጥ ከቀበራችሁት የሚይዘው ነገር የለም። ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ ጎትቱት፤ ከተንሸራተተ ጣሉት።

ፍሬን

ይሄኛው የእኔ ነው። ክሩ በሚጠቀለልበት ሪሌ ላይ ክሩን ነፃ የምትለቀውን ማንሻ ሳላወርድ፣ ፍሬኑንም አጥብቄ ሻይ ላፈላ ዞር አልኩ። አላርሙ አንድ ጊዜ ጢ አለ። ስዞር ሮዴ እንደ ጦር ውኃው ላይ እየሰነጠቀ ይሄዳል። ከወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ እርሳሳቸውን ክሬ ላይ ጥለው ቀስ እያሉ ጎትተው አወጡልኝ፤ ካርፑ ገና አልተላቀቀም! አራት ኪሎ። ሽማግሌው ሮዱን ሲያቀብሉኝ ምንም አላሉም፣ ያ ባሰብኝ። ለርቀት ልክ ብላችሁ ክሩን ሪሉ ጎን ያለው ክሊፕ ውስጥ ካስገባችሁም፣ ሮዱን ከማስቀመጣችሁ በፊት አውጡት።

ከውኃ ከወጣ በኋላ

ዓሣው የሚተኛበት ምንጣፍ ካልረጠበ ዓሣው አይውጣ። ደረቅ ጨርቅና ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋል። ፎቶ ስትነሡ ተንበርከኩ፣ ከምንጣፉ በላይ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ቆሞ አቅፎ ሲስቅ አሥር ኪሎ ዓሣ ጠጠር ላይ የጣለ ሰው አጠገብ ነበርኩ፤ ድምፁን አልረሳውም።

«ጾም ነው፣ ዓሣ ይፈቀዳል፣ አንዱን እንውሰድ» የሚሉም አሉ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት ልተው። የግል ኩሬ ውስጥ ያለ ካርፕ ግን የባለቤቱ ንብረት ነው፣ መውሰዱ ስርቆት ነው። ካርፕ መብላት ያማረው አገር ቤት ሲሄድ ከዝዋይ ይግዛ።

ሌሊት ሲበርድ ምድጃም ከሰልም ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ከሰል አንድዶ ቤት ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ለሐበሻ አላስረዳም።

ልጁ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ ነበር። የተቀቀለ ሽንብራ በላስቲክ ይዟል፣ ድንኳኑም መኪና ውስጥ ነው። «ጋሼ፣ ልፈትሽ?» ብሎ አጠገቤ ቆመና እርሳሱን ሳብ አደረገው። ወደቀ፤ እግሬ ላይ።