የባሕርን ሙላትና ጉድለት ከጨረቃ ተነሥቶ መገመት

በሞምባሳ ወይም በዛንዚባር ዳርቻ ውሃ የሸፈነው አሸዋ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ሰው በእግሩ የሚሄድበት ሜዳ ይሆናል። ጨረቃን የሚከታተል ሰው የዚህን ለውጥ ሰዓትና መጠን መገመት ይችላል፤ አስቀድሞ ግን ምክንያቱን በትክክል መረዳት አለበት።

ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ስበት በርቀት ስለሚቀንስ፣ ወደ እርሷ የዞረውን የምድር ገጽ ከምድር እምብርት ይልቅ በርትታ ትስበዋለች፤ በተቃራኒው ጎን ያለውን ደግሞ ከእምብርቱ ባነሰ ኃይል ትስበዋለች። ሙላትን የሚፈጥረው ይህ ልዩነት ነው፤ በመሆኑም ውሃው በጨረቃ ትይዩ ብቻ ሳይሆን በማዶውም ጎን ከፍ ይላል። ብዙ ማብራሪያዎች ይህን ሁለተኛውን ጎን መዝለላቸው ያሳዝናል፤ ያለ እርሱ በቀን ሁለት ጊዜ ሙላት የሚኖርበት ምክንያት አይገባም። ልዩነቱ ከምድር ስበት ጋር ሲነጻጸር ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ስለሆነ ውሃውን ሽቅብ የማንሣት አቅም የለውም፤ ይልቁንም የውቅያኖሱን ውሃ በገጹ ላይ አግድም እየገፋ ወደ ሁለቱ ጎኖች ይሰበስበዋል።

ለግምቱ በመጀመሪያ በሚገኙበት ዳርቻ ውሃው ከፍተኛ መጠኑ ላይ የደረሰበትን ሰዓት አንድ ቀን ይመዝግቡ። ምድር በራሷ ዛቢያ ስትዞር ጨረቃም በምሕዋሯ ወደፊት ስለምትጓዝ፣ አንድ ስፍራ እንደገና ከጨረቃ ትይዩ ለመድረስ 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ለቀጣዩ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይደምሩ። ዛሬ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ከሞላ፣ ሌሊት በ10:25፣ ነገ ከቀትር በኋላ ደግሞ በ10:50 አካባቢ ይሞላል። ጉድለቱ በሁለት ሙላቶች መካከል ይውላል።

ቀጥሎ የጨረቃን መልክ ይመልከቱ። ፀሐይም የራሷ ድርሻ አላት፤ ሆኖም እጅግ ሩቅ በመሆኗ የምታሳድረው ተጽዕኖ ከጨረቃ ግማሽ ያንሳል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሦስቱ አካላት በአንድ መስመር ስለሚውሉ የሁለቱ ኃይል ይደመራል፤ ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ውሃው በዛንዚባር እስከ 4 ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ በጣም ይቀንሳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር አንባቢ የሂጅራን የቀን መቁጠሪያ ቢያይ የወሩ መጀመሪያና አጋማሽ የታላቁ ሙላት ሰሞን መሆኑን ያገኛል።

ይሁንና አንድ ዳርቻ ላይ የተመዘገበ ሰዓት ለሌላው አያገለግልም፤ የባሕሩ ጥልቀትና የዳርቻው ቅርጽ ሁሉን ይለውጣሉና። በካናዳ የፈንዲ ወሽመጥ ልዩነቱ 16 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ በቀይ ባሕር መካከለኛ ክፍል በፖርት ሱዳን አካባቢ የዕለቱ ሙላት እምብዛም አይታይም። በጉድለት ጊዜ ወደ ኮራል ድንጋዮቹ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ግምት ብቻውን አይበቃም፤ የወደቡን የሙላት ሰንጠረዥ አይቶ፣ ውሃው መመለስ ሳይጀምር ወደ ዳርቻው ይመለስ።